ላምባ የሸተተው ሸራ

ወንድሜ ከሞተ በኋላ መኪናዋ ግቢያችን ውስጥ፣ ከኒም ዛፏ ሥር ቆማ ቀረች። ነጭ ፒክአፕ ነበረች። አቧራው ግን ነጭ መሆኗን አስረስቶን ነበር። ሾፌሮች ካሶኒ የሚሉት የኋላው የጭነት ቦታ ላይ የሸራ መወጠሪያ የብረት ቅስቶች ብቻ ቀርተዋል። ሸራው የለም። እናቴ ሰጥታዋለች።

በአርባው የሟች ልብስ ለድሃ ይሰጣል። እናቴ ሱሪዎቹን፣ ሸሚዞቹን፣ ጫማዎቹን አውጥታ አጣጠፈች። ከዚያ ወደ ግቢው ወጣች። የሸራውን ገመዶች አንድ በአንድ ፈታች፤ ጠቀለለችውና ከልብሶቹ ላይ ጨመረችው።

«እሱ እኮ የመኪናዋ ነው» አላት አባቴ።

«የለበሰው እሱ ነው» አለች።

እውነቷን ነው። ወንድሜ መንገድ ላይ ሲመሽበት ያንን ሸራ ለብሶ ነበር የሚተኛው። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ከሚቀመጡት አንዱ ሸራውን በትከሻው ተሸክሞት ሄደ። እኔም እስከ መታጠፊያው ድረስ በዓይኔ ሸኘሁት።

የገደለው ወባ ነው። ራሴን ያመኛል ብሎ ተኛ፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ቀበርነው። የቀበርነው ዕለት ደግሞ ዘነበ። ድሬዳዋ ውስጥ ዝናብ ብዙ አይለመድምና ሰው ሁሉ ያንን ዝናብ እንደ መልካም ነገር አነሳው። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ቆርቆሮው ላይ ጠብታ ስሰማ ከአልጋዬ እነሳ ነበር። ውሃው የት እንደሚገባ ነበር የማስበው። ከዚህ በላይ ልጽፈው አልችልም።

እኔ በዚያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ የማትሪክ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባኝ ቀርቶ፣ ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። ዘመኑ ደርግ ነው። ቤት ቁጭ ያለ ወጣት የቀበሌ ዓይን ውስጥ ይገባል። መንጃ ፈቃድ ግን ነበረኝ። መንዳት ያስተማረኝ ወንድሜ ነው፤ በደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ። መሪውን ስስት ይስቅብኝ ነበር። አይቆጣም። መሳቁ ነበር የሚያናድደኝ።

አባቴ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ነገሩን አሳጥሮ ነው የሚናገረው። አንድ ማታ ራት ላይ፣ «በወሩ መጨረሻ እሁድ ከሐረር አንድ ሰው ይመጣል» አለኝ። «መኪናዋን ያያታል። ከተስማማን ይዟት ይሄዳል።»

«ለምን?»

«እናትህን አታያትም? ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቁጭ ብላ ስታያት ነው የምትውለው። መኪናዋ እዚህ እስካለች ድረስ እሱ ከመንገድ የሚመጣ ይመስላታል።»

አባቴ የራሱን ነገር ሲናገር በእናቴ አሳብቦ መናገር ልማዱ ነበር። በሩ ላይ ቁጭ ብሎ መኪናዋን ሲያይ የማገኘው እሱንም ጭምር ነው።

«እኔ ልንዳት» አልኩ።

«ምን ልትጭንባት?»

«ወተት። ሴቶቹን።»

ዋሂል አካባቢ ወተት የሚሸጡ ሴቶች ነበሩ። ወንድሜ ጠዋት ጠዋት እነሱን ከነቅላቸው ጭኖ ወደ ከተማ ያመጣ ነበር። ሥራው ያ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ በአህያ ነው የሚመጡት። ሲደርሱ ፀሐዩ ከፍ ብሎ ወተቱ ረግቷል።

«ሴቶቹ አምነውህ ከተመለሱ መኪናዋ ትቆያለች» አለ አባቴ። «እስከ እሁድ ድረስ ካልተመለሱ ግን የሐረሩ ሰው ይወስዳታል። ከዚያ በኋላ እንዳታለቅስብኝ።»

«አላለቅስም።»

«አውቃለሁ» አለ። አለማልቀሴም ቅር ያሰኘው ይመስል ነበር። እውነትም ቀብሩ ላይ አላለቀስኩም። እንደዚያ ነበርኩ፤ ደርቄ።

ከወተት ሴቶቹ ትልቋን ሁላችንም አዴ ነው የምንላት፤ እናት እንደ ማለት ነው። ኦሮሞ ናት፤ ሱማሊኛም ትናገራለች፤ በአማርኛ ግን ወንዱንም ሴቱንም፣ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነበር የምትለው። እናቴንም ሳይቀር። ለቅሶ ልትደርሰን የመጣች ዕለት ስትወጣ መኪናዋ ዘንድ ቆመችና የብረት ቅስቱን በእጇ ነካችው።

«መኪናው ራቁቱን ነው» አለችኝ። «ፀሐይ ወተት ያረጋል። አንተ ልብስ አልብሰው፣ እኛ እንመጣለን።»

ስለዚህ ሥራዬ አንድ ብቻ ነበር። ሸራ መምረጥ።

ሸራ የሚሰፋው ሰው ሱቁ መጋላ ሠፈር ነው። የመን አገር ተወልዶ ድሬዳዋ ያረጀ ሰው ነው፤ እንደ ሠፈሩ ልጆች አሚ እለዋለሁ፤ አጎቴ ማለት ነው። የመኪና መቀመጫ፣ የድንኳን ቅዳጅ፣ የጋሪ ጥላ፣ ያገኘውን ሁሉ በአንዲት ትልቅ ሲንጀር ይሰፋል። ወንድሜን ያውቀዋል። ስገባ ቀና ብሎ አየኝና ማሽኑን አቆመ።

«ቁመትህ እሱን ነው» አለ። «አካሄድህ ግን አይደለም። ምን ፈለግህ ልጄ?»

«ለፒክአፕ ሸራ። አባቴ ግን በላሜራ ብታሠራው ይሻላል ይላል።»

«አባትህ ባቡር ቤት ነው የሠራው። ለሱ ነገር ሁሉ ብረት ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ላሜራ ሥር ነገር የሚያስቀምጥ ዳቦ ጋጋሪ ብቻ ነው። ሴቶቹን ልትጋግራቸው ነው?»

ላሜራው በዚህ ቀረ። ከመደርደሪያው ላይ ሰማያዊ ላስቲክ አውርዶ ዘረጋልኝ። አዲስ ነው፤ ያብረቀርቃል፤ ከጅቡቲ በኩል የገባ። ጠረኑ እንደ አዲስ ጫማ ነው። ወደድኩት። እሱ ግን ሲያሳየኝ እንኳን ፊቱን ያኮማትር ነበር።

«ይሄን ሁሉም ይገዛል» አለ። «በነፋስ ጊዜ ከዋሂል እስከዚህ ቿ ቿ ቿ ሲል ይመጣል፤ ጆሮህ ይደነቁራል። ኬላ ላይ ደግሞ ኮንትሮባንድ ፈታሾቹ ፊናንሶች ስለ ጭነትህ ከመጠየቃቸው በፊት ስለ ሸራህ ነው የሚጠይቁህ። ከየት ገባ? በየት ገባ? ምን ትላቸዋለህ?»

«ካንተ ነው የገዛሁት እላለኋ።»

«በል እሺ፣ አልሸጥልህም» ብሎ ጠቀለለው።

ከዚያ ግራና ቀኙን አየና ከአግዳሚው ሥር አረንጓዴ ነገር ጎትቶ ጫፉን ብቻ አሳየኝ። ወፍራም ነው። የወታደር ሸራ ነው። እጄን ሳስቀምጥበት ከበድ ያለ፣ የማይበገር ነገር መሆኑ ወዲያው ይታወቃል።

«ይሄ ጥሩ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ችግሩ ጥሩነቱ ነው። ወታደር ሲያየው፣ ይሄ የኛ ነው፣ መኪናዋም የኛ ናት ማለት ነው ይላል። አንተ ወተት ላመጣ ብለህ ወጥተህ ኦጋዴን ትደርሳለህ። አላየኸውም፣ እሺ?»

«ምኑን?»

«ጎበዝ።»

የቀረው ከዚሁ ከከተማችን የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የሚወጣው የጥጥ ሸራ ነበር። ወተት መሰል ቀለም አለው። ለስላሳ ነው፤ ሲያጥፉት ይታጠፋል፣ ሲለቁት ያለ ድምፅ ይዘረጋል። አሚ አፉ ላይ አድርጎ እፍ አለበትና ትንፋሹ በዚያ በኩል እጄ ላይ እንዲሰማኝ አደረገ።

«ይተነፍሳል። ለወተት ይሄ ነው። ውሰደው።»

«ዝናብስ?»

«ዝናብ ድሬ ውስጥ እንግዳ ነው። መጥቶ ይሄዳል።»

«ካላስገባ ይሻላል።»

አየኝ። ከጀርባው ተሰቅሎ የነበረ ሌላ ቁራጭ አወረደ። ያው የጥጥ ሸራ ነው፤ ግን ሻማ በላምባ አቅልጦ በብሩሽ ቀብቶታል። ሻይ ይጠጣ ነበርና ከብርጭቆው ጠብ አደረገበት። ሻይዋ ኳስ ሆና ተንከባለለችና ወለሉ ላይ ወደቀች። ሸራው ላይ ምንም አልቀረም። ደግሞ አድርገው አልኩት። ደገመልኝ። እኔም ራሴ ጣቴን በውሃ ነክሬ ሞከርኩት። ጠብታዋ ስትሸሽ ማየት እንዴት ደስ እንዳለኝ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

«ይሄን ነው የምፈልገው።»

«ለፀሐይ እኮ አያስፈልግህም። ይከብዳል፣ ይሸታል...»

«ሽታው ይለቃል።»

«ይለቃል። ዛሬ ግን አይደለም።» ራሱን ነቀነቀ። «ወንድምህ ቢሆን እስካሁን ሸራውን ወስዶ፣ ሻዬን ጠጥቶ፣ ሰድቦኝ ሄዷል። አንተ ውሃ ስታንጠባጥብ ልታመሽ ነው። እሺ፣ እቀባልሃለሁ።»

ጎንና ጎኑን እንዲጠቀለል አድርጎ ሰፋው፤ ፊናንሶቹ ሲያስቆሙኝ አንድ ገመድ ስስብ ውስጡ ሁሉ እንዲታይ። ድሬዳዋ ውስጥ ይሄን ያላሰበ ሸራ ሰፊ ደንበኛ የለውም። ቅስቶቹ ላይ ስንወጥረው አባቴ ዙሪያውን ሄዶ እያንዳንዱን ቀለበት ጎተት ጎተት አድርጎ አየ።

«ስፌቱ ጥሩ ነው» አለ። ከአባቴ አፍ ይሄ ብዙ ነው።

እናቴ ከበሩ ላይ አየችው።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ። መንገዱ ባዶ ነበር። ጋቢናው ውስጥ ብቻዬን ነኝ፤ ወደ ጎን ላለማየት እየጣርኩ ነው የምነዳው። ዋሂል ስደርስ ሴቶቹ ከወትሮው ቦታቸው ቅላቸውን ደርድረው ቁጭ ብለዋል። ሞተሩን ሰምተው ተነሱ። አዴ ወደ እኔ መጥታ ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ በቋንቋዋ የሆነ ነገር አለች። ሁሉም አልገባኝም። «ልጅ» የሚለው ገብቶኛል።

ከመካከላቸው አንዲት ወጣት ነበረች፤ ሱማሌ ናት፣ ምላሷ ስለታም። መጀመሪያ ካሶኒው ላይ የወጣችው እሷ ናት። መጀመሪያ አፍንጫዋን የያዘችውም እሷ ናት።

«ዋሪያ!» አለችኝ፤ አንተ ሰው ማለቷ ነው። «መኪና ነው ወይስ ቤንዚን ማደያ ያመጣህልን?»

«ሽታው ይለቃል» አልኳት።

«አቦ፣ እኛ ነን የምንለቀው!»

«አንተ ዝም በል፣ ግባ» አለቻት አዴ። «የሟች ወንድም ነው የመጣው። ግቡ።»

ገቡ። ለወንድሜ ብለው ነው የገቡት። ጎኖቹን ጠቅልዬ ንፋስ እንዲገባ አድርጌ፣ ጉድጓዱን እያለፍኩ፣ ቀስ ብዬ አመጣኋቸው። ኬላው ላይ ገመዱን ሳብኩ፤ ፊናንሱ አየ፤ እለፍ አለኝ። ፀሐይዋ ገና አልጠነከረችም። ወተቱ አልረጋም። ደርሰናል ብዬ ልቤ ሞላ።

ትልቋ ደንበኛቸው ከለገሃር ፊት ለፊት ሻይ ቤት ያላት ሴትዮ ናት። ማንም ከሷ በፊት ወተት አይሸጥም፤ እሷ የወሰደችውን ሌሎቹ ሻይ ቤቶች ሳይቀምሱ ይወስዳሉ። እሷ የመለሰችውን ማንም አይነካም። የመጀመሪያውን ቅል ክዳን ከፈተች። አሸተተች። ከደነችው። ሁለተኛውን ከፈተች። ከዚያ ጣቷን ነክራ ቀመሰችና ጣቷን በሽርጧ ጠረገች።

«ዛሬ አልፈልግም» አለች።

ያለችው ይህን ብቻ ነው። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሴቶቹ ቅላቸውን እንደገና አነሱ። ያቺ ወጣት እንኳ አልቀለደችም። እኔ ከመሪው ጋር ተጣብቄ ቀረሁ። አንድ ሙሉ የጠዋት ወተት ነው። በአህያ ሲያመጡት ቢረጋ እንኳ እርጎ ይባልና የሚገዛ አይጠፋም። ላምባ የጠጣ ወተት ግን ስም የለውም።

አዴ ወደ ጋቢናው መጣች። «ገበያ አናወጣውም» አለችኝ። «ስማችን ይበላሻል። አንተ እናትህ ቤት ውሰደን።»

«እናቴ ቤት ምን ልታደርጉ?»

«እናትህ ወተት አይጠጣም?»

ወሰድኳቸው። እናቴ እንደ ወትሮዋ በሩ ላይ ነበረች። ሴቶቹ ከነቅላቸው ሲወርዱ ስታይ ተነሳች፤ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ መስሏት ነጠላዋን ማዘቅዘቅ ጀመረች። አዴ እጇን ያዘችና አስቆመቻት። አንድ ጣሳ ቀድታ ሰጠቻት።

እናቴ ተጎነጨች። ዋጠችው። ፊታችንን አንድ በአንድ አየች።

«እኔ ኩራዝ ነኝ እንዴ?» አለች።

ከዚያ ያቺ ወጣት በሳቅ ፈነዳች። አዴ ተከተለች። ሌሎቹም አማርኛው በደንብ ሳይገባቸው ሳቁ። እናቴም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ያለቀሰች መስሎኝ ነበር። እየሳቀች ነበር። አባቴ ከውስጥ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ምን እንደተፈጠረ ሊጠይቅ አፉን ከፈተና ተወው። ከቀብሩ ወዲህ እናቴ ስትስቅ ያየናት ያን ቀን ነው።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ነገሩ እዚያው ነበር። ሸራው ይሸታል። ሴቶቹ ከነገ ጀምሮ ወደ አህያቸው ይመለሳሉ። እሁድ ደግሞ እየመጣ ነው።

«ሌላ ሸራ ላሰፋ?» አልኩ። በምን ገንዘብ እንደማሰፋ ግን አላውቅም። አባቴ ወደ ሰማይ አየ።

«ቅላችንን እናጥነው የለ?» አለች አዴ። «ወተት የሚገባበትን ሁሉ በጭስ እናጥነዋለን። ሽታ ያወጣል። ወተት ይጠብቃል። ይሄንንም እናጥነዋለን።»

ወጣቷ አላመነችም። «ቅል አንድ ክንድ ነው። ይሄ ቤት ነው! ደግሞ በላምባ ላይ ጭስ ሲጨመርበት ሁለቱም ይሸታሉ።»

«አንተ ስንት ቅል አጥነሃል?»

«አንቺ ስንት መኪና አጥነሻል?»

እንደሚሆን አዴም ራሷ እርግጠኛ አልነበረችም፤ ዓይኗ ላይ ይታይ ነበር። ያን ጊዜ እናቴ ተናገረች።

«መጀመሪያ ይታጠባል» አለች።

ከአልጋዋ ሥር ከቀበሌ ሱቅ በኩፖን የወጣውን ሳሙና አመጣች። ያ የወሩ ሳሙና ነው። የኛም ልብስ፣ የአባቴም ሸሚዝ፣ የሁላችንም ገላ ከሱ ነው የሚታጠበው። አባቴ፣ «እሱን ሁሉ?» አላት። «ሁሉንም» አለች። ሸራውን ከቅስቶቹ ላይ አውርደን የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ዘረጋነው። እሷ በአመድና በሳሙና ታሻለች፣ እኔ እረግጣለሁ። ውሃው እንደ ዘይት እየሆነ በቦዩ ሄደ። እንደገና። እንደገና። የአሚ ሻማ ከነጠብታ ማባረሩ አብሮ ታጠበ። እስከሚቀጥለው ኩፖን ድረስ ልብሳችንን በውሃ ብቻ ነው ያጠብነው፤ አባቴም አላማረረም።

ከታጠበ በኋላ ጣሪያው ላይ ዘረጋሁት። የድሬዳዋ ፀሐይ ለአንድ ነገር ይጠቅማል ከተባለ ለዚህ ነው። ፀሐይዋ ስትገባ አወርደዋለሁ፤ አሸተዋለሁ። ስትወጣ እመልሰዋለሁ። እናቴ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቁጭ ማለቷን አልተወችም፤ አሁን ግን የምታየው ጣሪያውን ነው። «በዚያኛው ጫፍ ገልብጠው» ትለኛለች። ሽታው ቀነሰ። አልጠፋም። ሙቀቱ ሲያይል ከስፌቶቹ መካከል ላምባው ተመልሶ ይመጣ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት አዴ መጣች። ወጣቷም ተከትላት መጥታለች፤ «እንዳይቃጠል ላይ ብዬ ነው የመጣሁት» አለች። አዴ በሻሿ የቋጠረችው የእንጨት ፍልጥ ነበር፤ ቅላቸውን የሚያጥኑበት የቆላ እንጨት። ሸራውን ቅስቶቹ ላይ መልሰን ጎንና ጎኑን እስከ ታች አወረድን። ፍሙን በአሮጌ የሸክላ ድስት ካሶኒው ውስጥ አስቀመጥን። አዴ ራሷ አብራ ገባች። እኔ እንድገባ አልፈቀደችልኝም። «አንተ ያስልሃል» አለች።

ጭሱ መጀመሪያ በቀዳዳው ቀጭን ሆኖ ወጣ። ቆይቶ ከየስፌቱ መውጣት ጀመረ። ቆይቶ መኪናዋ በሙሉ ጭስ ሆነች።

አባቴ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ነበር። ሲመለስ ከመንገዱ ጫፍ ሆኖ ያየው ከግቢያችን በላይ የቆመውን ጭስ ነው። ሲጮህ ሰማነው። «መኪናዋ! መኪናዋ ተቃጠለች!» ሮጦ ገባ፤ እንደዚያ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ከኋላው የሠፈሩ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን ይዞ ይከተለዋል። እኔ «አባባ፣ ቆይ!» እስክል ድረስ ባልዲውን ከበርሜሉ ሞልቶ ሸራው ላይ ደፋው። ሁለተኛውንም ደገመ።

ውስጥ ሆና አዴ ጮኸች። ሸራው ተገለጠና ከጭሱ መካከል ራሷ ብቅ አለ። ውሃው ከሻሿ ላይ ይንጠባጠባል።

«ያ አላህ! ዝናብ መጣ?»

አባቴ ባልዲውን እንደያዘ ደረቀ። «አዴ... አንቺ... እዚያ ውስጥ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ሥራ!»

«ይቅርታ። በእግዚአብሔር፣ ይቅርታ። እኔ እኮ...» ወደ እኔ ዞረ። «ውሃ አያስገባም ያልከኝ ሸራ ይሄ ነው?»

ጠባቂው ጠመንጃውን ወደ ጭሱ እንደደቀነ ቆሟል። አባቴ የሚቆጣበት ሰው በማግኘቱ ደስ ብሎት ዞረበት። «አንተስ ለእሳት ጠመንጃ ምን ያደርግልሃል? ልትተኩስበት ነው?»

ወጣቷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እናቴ ለአዴ ደረቅ ነጠላ ይዛ ወጣች። ፍሙ አልጠፋም ነበር። አዴ ነጠላውን ለብሳ ተመልሳ ገባች። አባቴ ባልዲውን አስቀመጠ፤ እስኪመሽ ድረስ ከመኪናዋ አጠገብ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። አንዴ ብድግ ብሎ በጭሱ መውጫ በኩል አፍንጫውን አስጠጋና፣ «ላምባ የለም መሰለኝ» አለ። ለማን እንደተናገረ አላውቅም።

እሁድ ጠዋት ወጣሁ። ሴቶቹ ይወጡ አይወጡ እርግጠኛ አልነበርኩም። አዴ ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ «እነግራቸዋለሁ» ብቻ ነው ያለችኝ። ስደርስ ሁሉም አልነበሩም። ግማሾቹ ናቸው። ሌሎቹ አህያቸውን ጭነው በጎኔ አለፉ፤ ሰላም አሉኝ፤ አልቆሙም። አልተቀየምኳቸውም።

ወጣቷ ካሶኒው ላይ ወጥታ አሸተተች። ሸራውን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ እንደገና አሸተተች።

«የአያቴ ቅል» አለች። ከዚያ ፊቷን አጠቆረች። «አያቴ ክፉ ነበረች።»

ኬላው ላይ ፊናንሱ ራሱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ወጣ። «ምንድነው ይሄ? ምን ስታጨሱ ነበር?» ወጣቷ ከውስጥ ሆና፣ «መኪናውን!» አለችው። ሳቀና እጁን አወዛወዘ።

ለገሃር ፊት ለፊት ስንደርስ ሞተሩን አጠፋሁ። አልወረድኩም፤ ከጋቢናው ሆኜ በመስኮቱ አየሁ። ሴትዮዋ መጀመሪያ እኔን አየች፤ ቀጥላ ሸራውን አየች። አዴ ቅሉን አቀረበችላት። ከፈተች። አሸተተች። ክዳኑን በእጇ እንደያዘች ቆየች። ጣቷን ነክራ ቀመሰች። አዴ የት እንደምታይ ጠፍቷት የባቡር ጣቢያውን ሰዓት ታያለች።

ሴትዮዋ ቅሉን አንስታ ወደ ውስጥ ገባች፤ እሳቱ ላይ ያለው ትልቁ ድስት ውስጥ ወተቱ ሲገለበጥ ሰማሁት። ባዶውን ቅል ይዛ ተመለሰች።

«የቀረውንም አምጡት» አለች። «ነገም።»

ወጣቷ በመስኮቱ በኩል ክንዴን መታችኝ። ምቷ ያማል። «ነገም አለች፣ ዋሪያ! አልሰማህም?» ሰምቼ ነበር። መሪው ላይ ግንባሬን አስደገፍኩ። የሆነ ነገር ደረቴ ላይ ተቀምጦ እንደነበር ያወቅሁት ሲነሳ ነው። ዓይኔ ሞላ፤ ፈሰሰም። ሰው ፊት ነበር። ግድ አልሰጠኝም። አዴ አይታኝ ነበር መሰለኝ፤ ሴቶቹን ወደ ሌላኛው ሻይ ቤት ይዛቸው ሄደችና ብቻዬን ተወችኝ።

ቤት ስገባ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። መኪናዋን አስገብቼ አቆምኩ። አባቴ በሩ ላይ ነበር። በዚያ ሙቀት የክት ኮቱን ለብሷል፤ ከአንገቱ በታች በላብ ርሷል። ኮቱን የለበሰው ለሐረሩ ሰው ነው። የሐረሩ ሰው ግን የለም።

«መጥቶ ነበር?» አልኩት።

«መጥቶ ነበር።»

«ምን አለ?»

«የታለች አለ። ሥራ ላይ ናት አልኩት።» ላቡን በመሐረቡ ጠረገ። «ሻይ ጠጥቶ ሄደ።»

ወተቱን ገዙት ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ካሶኒው ላይ ያሉትን ባዶ ቅሎች ከሩቅ አይቷል። ሴቶቹ ከሰዓት ገበያቸውን ጨርሰው እስኪመለሱ እኛ ቤት ነበር የሚያስቀምጧቸው፤ በወንድሜም ጊዜ እንደዚያው ነው። እናቴ ከውስጥ ወጥታ አልፋን ሄደች፤ ቅሎቹን ሁለት ሁለት እያደረገች ወደ ጥላው ማውረድ ጀመረች።

አባቴ እጁን ወደ ኮቱ የውስጥ ኪስ ከተተ። የመኪናዋን ሊብሬ አወጣ። ለገዢው ሊያስረክብ ይዞት የነበረው ነው።

«ያለዚህ ነው ስትነዳ የሰነበትከው?»

«አዎ።»

«ኬላ ላይ ቢጠይቁህስ?»

«አልጠየቁኝም።»

«ነገ ይጠይቁሃል» ብሎ ሰጠኝ። ከዚያ ኮቱን አወለቀ።